ጫካው ባለቤት አለው

ጥያቄ

የምኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ነው። ዕድሜዬ 27 ሲሆን በጂኦግራፊ ተመርቄ በሙያዬ ሥራ ስላጣሁ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጁ የራሴ ነው፤ ዕዳው ግን ገና አላለቀም። ባለፈው ኅዳር ሁለት የውጭ አገር እንግዶች አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አድርሼ ስመልሳቸው፣ ቡና የሚለቀምበት ጫካ ውስጥ በእግር እንዳዞራቸው ለመኑኝ። አጎቴ በሰቃ መንገድ ቡና ስላለው ወሰድኳቸው። ግማሽ ቀን ዞርን። በጣም ተደሰቱ፤ የከፈሉኝም ባጃጁ በሳምንት የማያስገባውን ነው። አየርላንድ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ባጫውተው፣ እዚያ አገር ሰው በገጠሩና በኮረብታው በእግር እየመራ የሚተዳደር ባለሙያ እንዳለ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ከራሴ አልወጣ አለ። እኛ አገር ይህ ሥራ ሊሆን ይችላል? ፈቃድ ያስፈልገዋል? ስንት ላስከፍል? ሰው ጫካ ውስጥ ቢሰበርብኝስ ምን ይውጠኛል? ወይስ እንደምንም ብዬ አየርላንድ ብሄድ ይሻላል? ባጃጁን ሸጬ ሙሉ ጊዜዬን ልስጠው እያልኩ ስለሆነ ቢመክሩኝ።

የጊንጆው አንባቢ

መልስ

ወንድሜ፣ የአየርላንዱን ቶሎ ልጨርስልህ። ኮረብታውን የማያውቅ ሰው ከጅማ አስመጥቶ መሪ የሚያደርግ አሠሪ ይኖራል ብለህ አትጠብቅ። ለአገሩ ልጆችም ቢሆን ሥራው የሚደራው አየሩ በሚሞቅባቸው ወራት ነው፤ በክረምታቸው ሌላ እንጀራ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጉዞውን ተወው። የእነሱ አሠራር ግን እዚሁ ጅማ ተቀምጠህ የሚጠቅምህ ነገር አለበት።

የአየርላንድ ትልቁ ተራራ ካራንቱሂል ይባላል፤ ከፍታው ወደ 1,040 ሜትር ነው። አንተ ባጃጅህን ተራ የምታስይዝበት ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። እነሱ ጫፍ ደረስን ብለው ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ከእኛ ጉሊት በብዙ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ታዲያ ለዚህች ተራራ መሪ ምን ያደርጋል? ጭጋጉ ነዋ! ከባሕር የሚመጣው ደመና በደቂቃዎች ውስጥ ኮረብታውን ሸፍኖ መንገዱን ያጠፋዋል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ደግሞ ውኃ ያዘለ ረግረግ ነው። ስለዚህ መሪ ለመባል ስልጠና ይወሰዳል፣ የወጣኸው ኮረብታ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል፣ የመጀመሪያ እርዳታ ትማራለህ፣ ከዚያ ትፈተናለህ። ፈተናው በጨለማ በካርታና በኮምፓስ መንገድ ማግኘትንም ይጨምራል። የምስክር ወረቀቱን የሚጠይቁት አሠሪዎችና የመድን ድርጅቶች ናቸው።

እኔን ከዚህ ሁሉ የገረመኝ የመሬቱ ጉዳይ ነው። አየርላንድ ውስጥ አብዛኛው ገጠር የገበሬ የግል መሬት ነው። ጎረቤታቸው ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ለማንም ሰው፣ በሥርዓት እስከሄደ ድረስ፣ በገጠሩ የመዘዋወር መብት ሰጥታለች፤ አየርላንድ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም። ተጓዡ የሚያልፈው በገበሬው በጎ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተው ዊክሎው ዌይ የሚባለው የመጀመሪያው ረጅም የእግር መንገዳቸው ከደብሊን ዳርቻ ተነስቶ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። አንድ ገበሬ ተቆጥቶ በሩን ቢዘጋ እንዲህ ያለው መንገድ መሐል ላይ ይቆረጣል። መንግሥታቸው ነገሩ ስለገባው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በተመረጡ መንገዶች ላይ፣ መንገዱ በይዞታቸው የሚያልፍ ገበሬዎች አጥሩንና መሻገሪያውን እየጠገኑ ለጥገናው ክፍያ እንዲያገኙ አደረገ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እንግዶችህን የወሰድካቸው አጎትህ ጋ ስለሆነ ማንም ምንም አላለህም። የአጎትህን አጥር አልፈህ ሁለት መቶ ሜትር ብትሄድስ?

ከከተማ የመጣ ሰው የጅማን የቡና ጫካ ሲያይ ማንም ያልደረሰበት ዱር ይመስለዋል። ከላይ ዋንዛና ብሳና፣ ከሥር ቡና፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ኮረሪማ፤ አጥር የለው፣ ምልክት የለው። ነገር ግን ከየትኛው ግንድ እስከየትኛው ጅረት የማን እንደሆነ የአካባቢው ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎም ባለቤት አለው፤ ቀፎውን የሰቀለውና ከሥሩ ያለውን ቡና የሚለቅመው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። የለቀማ ሰሞን ገበሬው ቡናው እንዳይሰረቅበት ጎጆ ቀልሶ እዚያው ያድራል። አንተ በዚያው ሰሞን፣ እንግዳ ደስ የሚለው ቀይ እሸት ነውና፣ አምስት የማይታወቁ ሰዎች አስከትለህ ትገባለህ። ዱላ ይዞ የወጣውን ገበሬ ሰው አይወድም ብለህ እንዳትፈርድበት። የዓመት ጉሮሮውን ነው የሚጠብቀው።

በለጠ ጌራ ብትሄድ ደግሞ ሌላ አደረጃጀት ታገኛለህ። በቦንጋ መንገድ ሸቤ አካባቢ ያለው የበለጠ ደንና ከእሱ ወዲያ ያለው የጌራ ደን የመንግሥት ደን ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተሠራ ፕሮጀክት ግን በየመንደሩ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቁመዋል፤ በኦሮምኛ ስማቸው አጽሮተ ቃል ዋቡብ ይባላሉ። ደኑን ይጠብቃሉ፣ ቡናውን ይለቅማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የደን ቡናቸው የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ አግኝቷል። እዚያ የምታነጋግረው አንድ አባወራ ሳይሆን ማኅበር ነው፤ ማኅበሩን አልፈህ ከአንድ አባል ጋር ብትስማማ ደግሞ ጠብ ይዘህ ትገባለህ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይሄ ነው፤ ቱሪስት ከመፈለግህ በፊት መንገድህ ላይ ካሉት ሰዎች ጋር ነገሩን ጨርስ። አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ፤ ከአጎትህ እርሻ የሚነሳ፣ በአራት ወይም በአምስት ሰዓት የሚያልቅ። ያለ እንግዳ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሽማግሌ ይዘህ ደጋግመህ ሂደው። እያንዳንዱ ባለይዞታ ጋ ስትደርስ ቆም በል፣ ሰላምታህን በኦሮምኛ አድርስ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ያሰብከውን አስረዳ። አጎትህ እንዲያስተዋውቅህ አድርግ፤ ጊንጆ ያደገ ልጅ ለገበሬው ከተሜ ነው። ማን የት እንደሚያሳልፍ፣ የት ላይ ፎቶ እንደማይነሳ፣ በየትኛው ወር መግባት እንደሌለብህ በደብተር ጻፍ። ክፍያውንም ቁረጥ። «እንግዳው ከሰጠ ይሰጥሃል» የሚል ስምምነት አንድ ወቅት አይቆይም፤ እንግዳው ለአንዱ መቶ ብር፣ ለሌላው ፈገግታ ይሰጥና መንደሩን ያጋጭልሃል። በቡድን ይህን ያህል ተብሎ ይወሰን፣ በዚያው ቀን ይከፈል፣ ሌላው ሰው ስንት እንደተከፈለውም ሁሉም ይወቅ። ለሕፃናት ከረሜላና እስክሪብቶ የሚበትን እንግዳ ካጋጠመህ ከመነሳትህ በፊት በጨዋነት አስቁመው። መስጠት ከፈለገ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ። በላሊበላና በሌሎች የቱሪስት ከተሞች ልጆች ትምህርት ጥለው ፈረንጅ ሲከተሉ ያየ ሰው ይህን ከባድ ምክር አይለውም።

ስለሚታየው ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና።

እኔ አስጎብኚ ሳለሁ ሰሜን ተራሮች እንግዳ ስንመራ ገደሉ ራሱ ይናገርልን ነበር። ዋልያና ጭላዳ አለ፣ ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው፤ አስጎብኚው አፉን ዘግቶ ቢሄድ እንኳ እንግዳው ረክቶ ይመለሳል። ጅማ እንዲህ አይደለም። የቡና ጫካ ለማያውቅ ሰው አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። በግማሽ ሰዓት ይሰለቸዋል። ስለዚህ አስጎብኚው ማወቅ አለበት፤ ማወቁ ደግሞ በእጅ ይሁን። ከቅርንጫፉ አንድ የበሰለ እሸት ቡና ቀጥፈህ እንግዳው መዳፍ ላይ አድርግ። በሁለት ጣቱ ጫን ሲለው ቀዩ ልጣጭ ይፈነዳና ሁለት ፍሬዎች እያሙለጨለጩ ይወጣሉ። ልጋጉን ይቅመሰው፤ ጣፋጭ ነው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቡና ጠጥተው ቡና ፍራፍሬ መሆኑን የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እዚያው ማድረቂያ አልጋ ላይ እየደረቀ ያለውን ጀንፈል አሳየው፤ ቡናው በጀንፈል ሲደርቅና ታጥቦ ሲደርቅ በጣዕም ምን ልዩነት እንደሚያመጣ ንገረው። ከተቻለ አንድ ስኒ ከአንዱ፣ አንድ ስኒ ከሌላው ቀርቦለት ይቅመስ። ይህ ብቻውን የአንድ ሰዓት ትምህርት ነው፤ አንድም እግር ሳታነሳ።

ገበሬው ጓሮ ውስጥ «74110» ወይም «74112» የሚባል ቡና አለ ሲሉህ ሰምተህ ይሆናል። ይህ ቁጥር ትልቅ ታሪክ አለው። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ፍሬውን ገና ለጋ ሳለ አጥቁሮ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። መልኮ ያለው የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በየጫካው ዞረው፣ በሽታው በወረደበት መሐል ሳይነኩ የቀሩ እናት ዛፎችን መረጡ። 74 ቁጥሩ ዓመቱን፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ነው የሚያመለክተው፤ ሁለቱ ዝርያዎች የተገኙት ከኢሉባቦር ነው። እንግዳህ ጎንበስ ብሎ ያችን ቁጥቋጦ የሚያይበት ዓይን ከዚህ ወሬ በኋላ ይለወጣል። ጫካው ለምን መጠበቅ እንዳለበትም ስብከት ሳታበዛ ይገባዋል፤ መድኃኒቱ የተገኘው ከጫካው ነዋ።

አንድ ወጥመድ ግን ተጠንቀቅ። ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ ናት ይባላል። ከፋ ብትሄድ ደግሞ ማንኪራ ናት ይሉሃል፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራውም ቦንጋ ነው። አንተ ዳኛ አይደለህም። ሁለቱንም ንገር፣ አረቢካ ቡና በዱር በብዛት የሚገኘው በእነዚህ ደቡብ ምዕራብ ጫካዎች መሆኑን ንገር፣ በዚህ ላይ ጠብ የለም። ካልዲና ፍየሎቹን ስታወራ ደግሞ ተረት ነው ብለህ አውራ። የእረኛው ታሪክ ታትሞ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በወጣ መጽሐፍ ነው፤ ካልዲ የሚለው ስም እዚያ ላይ የለም። የተማረ እንግዳ ይህን ያውቃል፤ ተረትን እንደ ታሪክ አድርገህ ከነገርከው የቀረውን ወሬህንም አያምንህም።

ከተማ ውስጥም ሀብት አለህ። ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። እንግዶችህን በባጃጅ ከማድረስ ይልቅ ከሰፈርህ ተነስተህ በእግር ብታወጣቸው፣ በመንገድ ላይ ስለ ሂርማታ ገበያ ብታወራላቸው ይሻላል። ነጋዴው ከየአገሩ በቅሎ ጭኖ የሚወርድበት፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም ትልቅ ገበያ ነበር። ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከተማዋን ቁልቁል እያዩ ቀሪውን ትነግራቸዋለህ።

ሰው ቢሰበርብኝስ ብለሃል። ይህን አስቀድመህ ማሰብህ ደስ ብሎኛል፤ የሚበዙት የሚያስቡት ከተሰበረ በኋላ ነው። ጅማ አካባቢ የሚያሰጋህ ከፍታ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ከፍታው እያሳመመ ሰው ያስመልስብን ነበር፤ አንተ ዘንድ ያ ችግር የለም። የአንተ ጠላት ጭቃ ነው። የጅማ ዝናብ ከሰሜኑ ቀድሞ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ በተለይ ቅጠል በሸፈነው ሥር ላይ። ፈረንጁ ውድ ጫማ ስላደረገ አይወድቅም ብለህ አትመን፤ ቶሎ የሚወድቀው እሱ ነው፣ ጫማውን አምኖ ይረግጣልና። ለእያንዳንዱ ሰው ጠንካራ ምርኩዝ አዘጋጅ። ቁልቁለት ላይ ቀድመህ ውረድና መርገጫውን እያሳየህ አንድ በአንድ አሳልፋቸው። ፍጥነትህ የመጨረሻው ሰው ፍጥነት ይሁን። ከኋላ የሚሄድ አንድ የመንደሩ ልጅ ቅጠርና ከእሱ ኋላ ማንም እንዳይቀር አድርግ። ጅረት ስትሻገር አሁን ያለበትን ብቻ አትይ፤ ከላይ ጠቁሮ ከሆነ ስትመለስ ያ ጅረት ሌላ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ማልደህ ተነሳ። የመመለሻ ሰዓትም ይኑርህ፤ ስምንት ሰዓት ካልክ ስምንት ሰዓት ነው፣ የሚቀረው አሥር ደቂቃ ቢሆንም ትመለሳለህ። እንግዳው ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ቀፎ ካለበት ዛፍ ሥር አታሳርፍ። ከመነሳትህ በፊት ንብ ሲነድፈው የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው እንዳለ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለም አብሮት መሆኑን ጠይቅ። ሳማ የትኛው እንደሆነ ገና መግቢያው ላይ አሳያቸው። እባብ ከነደፈ ቦታውን መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር የለም፤ የተነደፈውን እግር ሳታንቀሳቅስ፣ ሰውየውን ሳታስሮጥ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ነው። እግር ከተሰበረም እንዲሁ፤ በሁለት እንጨት ደግፈህ ታስርና በቃሬዛ ታወጣዋለህ። ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ደግሞ በዚያን ሰዓት ጮኸህ አይገኝም። ስለዚህ ከመንደሩ ወጣቶች ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፣ የስንት ሰው ክንድ እንደምትፈልግና ምን እንደምትከፍል ተስማማ። ከመንገድህ የትኛው ቦታ ላይ ስልክ እንደሚሠራ ለይተህ እወቅ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ግን ቁጥሩን ማወቅ ብቻውን አያድንህም። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠናም ይሰጣል፤ ከሁሉ በፊት ብር የምታወጣበት ይህ ይሁን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተማው ውስጥ መኖሩ ትልቅ ዕድልህ ነው፤ ሰሜን ላይ ሆስፒታል ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን በበቅሎ የሚሄድበት ቦታ አለ።

ፈቃድን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ያስፈልጋል። የአስጎብኚነት ሙያ ደረጃ ወጥቶለት ስልጠና የሚሰጥበት፣ በብቃት ምዘና (ሲኦሲ) የሚፈተኑበት ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የቱሪዝም ማሰልጠኛ ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ነው። መነሻህ በከተማህ ቱሪዝም የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ነው፤ የአካባቢ አስጎብኚ ለመሆን ምን እንደሚጠይቁ፣ የንግድ ፈቃድ በምን ዘርፍ እንደምታወጣ እነሱ ይነግሩሃል። አንተ ግን ሌላ አንድ ወረቀት ጨምር፤ የምትሄድበት ቀበሌ እንግዳ ይዘህ እንደምትገባ የሚያውቅበት ደብዳቤ። ከመነሳትህ አንድ ቀን ቀድመህ በዚያ አቅጣጫ ሁኔታው ሰላም መሆኑን ለቀበሌው ደውለህ ጠይቅ። አይሆንም ካሉህ አትከራከር፤ ገንዘቡን መልስና ሌላ ቀን ውሰዳቸው።

ዋጋ ስትተምን የራስህን ድካም ብቻ አታስላ። ለምሳሌ አንድ ቡድን 4,000 ብር ከፈለህ እንበል። ከዚህ ላይ የባለይዞታዎቹ ድርሻ አለ፣ ከኋላ የሚሄደው ልጅ አለ፣ ቡና የምታፈላው እናት አለች፣ ምርኩዝና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን አለ፣ ዝናብ ሆኖ ያልሠራህበት ቀን አለ። ግማሹ እጅህ ላይ ከቀረ ጥሩ ነው፤ ሦስት አራተኛው ከቀረ አንድ ሰው እየተበደለ ነው ማለት ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገበሬው ነው። ሆቴል በር ላይ ያለ ደላላ ኮሚሽን ሲጠይቅህ ከየት ላይ እንደምትሰጥ አስብ። ከራስህ ድርሻ ከሆነ የአንተ ጉዳይ ነው፤ ከገበሬው ድርሻ ከሆነ መንገድህን ሸጥከው።

ብቻህን መቆየት አትችልም። ሥራው እንደያዘ ሌሎች ባጃጅ ነጂዎችም ይመጣሉ፤ ያኔ መደራጀት ይመጣል። ደባርቅ ላይ አስጎብኚውም ባለበቅሎውም በተራ ነው የሚሠራው፤ ወንጪ ሐይቅ ላይም ባለፈረሶች ተራ ይይዛሉ። ተራ መልካም ነው፣ ጠብ ያስቀራል፣ ድሃው ሳይገፋ ይበላል። ነገር ግን ሰነፉም ጎበዙም እኩል የሚደርሰው ስለሆነ ማንም እንግሊዝኛውን ወይም የዛፍ ስም ዕውቀቱን ለማሻሻል አይደክምም። የእኔን ከጠየቅከኝ ባለይዞታውና ተሸካሚው በተራ ይሁኑ፣ አስጎብኚው ግን እንግዳ በስም እየጠራ የሚፈልገው ይሁን። በዚህ የማይስማሙኝ ብዙ ጓደኞች አሉኝ።

ስለ እንግዳ ምንጭ፣ ፈረንጅ ብቻ አትጠብቅ። ኮቪድ ሲመጣ፣ ከዚያም ሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ሲገባ፣ በውጭ እንግዳ ብቻ የቆሙ አስጎብኚዎች ምን እንደደረሰባቸው አይተናል፤ በቅሎውን የሸጠ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ እየተሰባሰቡ እንጦጦ፣ መናገሻ፣ ወንጪ የሚወጡ ወጣቶች በርክተዋል። ለእነሱ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ስለዚህ ረዘም ያለ በዓል ሲገኝ ነው የሚመጡት፣ ወይም በአውሮፕላን። ደጅህ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ መምህራኑ፣ ለምረቃ የሚመጣው ወላጅ፣ ለስብሰባ የሚመጣው እንግዳ። ዋጋውን ለአገር ሰው ዝቅ አድርግ፣ ጉዞውን ግን አታሳጥርበት። ቡና ገዢዎችም አሉ። አጋሮ ከጅማ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ቡና ገዝቶ የሚሄድ የውጭ ነጋዴ ግማሽ ቀን ትርፍ ጊዜ ሲኖረው ማን በጫካው እንደሚያዞረው ማኅበራቱ አንተን ማወቅ አለባቸው።

ቀን ስትቆርጥ የአገሬውን አቆጣጠር ይዘህ ቁረጥ። በረመዳን ቀን ቡና አፍሉልን ብለህ ጾመኛ ቤት እንግዳ አታስገባ፤ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ገበሬው መስጊድ ነው። በየካቲትና በመጋቢት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ቡናው ሲያብብ ጫካው ሁሉ ነጭ ይሆናል፣ ሽታው ከሩቅ ያውዳል። አበባው ግን በጥቂት ቀናት ይረግፋል፤ ለዚያ እንግዳ ቀጠሮ ይዘህ አበባውን ብታጣው ጥፋቱ የአንተ አይደለም ብለህ አስቀድመህ ንገረው። ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ ወቅትህ ይሄ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን ሰው በጭቃ ውስጥ አትጎትት።

እንግዲህ ባጃጁን አትሽጥ። በዓመት ውስጥ ደህና የምትሠራው አምስት ወይም ስድስት ወር ነው፣ ከእሱም ቅዳሜና እሁድ የሚበዛው፤ የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ክረምቱን የሚያሻግርህ፣ ዕዳህንም የሚከፍልልህ ባጃጁ ነው። ኅዳር ላይ እንግዳ ሲበዛብህ ለምታምነው ሹፌር በቀን ገቢ ስጠውና አንተ ጫካህን ምራ። እንግዶችህን ግን በራስህ ባጃጅ እስከ ሰቃ መንገድ ላድርስ ብትል፣ ታፔላህ እስከየት እንደሚያስኬድህ አስቀድመህ አጣራ፤ ትራፊክ መሐል መንገድ ላይ ቢያስቆምህ የእግር ጉዞው ከዚያው ሊጀመር ነው።